ከአዲስ አበባ ለሥራ የሚወጣ ትንሽ ባንድ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው የራሱን ዜማ ለሚሠራ፣ ከኋላው ኩባንያም ስፖንሰርም ለሌለው፣ አምስት ስድስት ሆኖ ሚኒባስ ተከራይቶ ወደ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ጅማ ወይም ድሬዳዋ ለሚወጣ ባንድ ነው። መሀል አዲስ አበባ ስንሠራ የጎደለ ነገር ሁሉ በስልክ ይሞላል። ካዛንቺስ ሥራ ላይ እያላችሁ የኪቦርዱ አዳፕተር ቢቃጠል አራት ኪሎ ያለ ወዳጅ የራሱን ይልክላችኋል። ድራመሩ ቢታመም በግማሽ ቀን ሌላ ይገኛል። ከከተማ ከወጣችሁ በኋላ ግን ያላችሁ የጫናችሁት ብቻ ነው። መንገድ ላይ ተበላሸ የምንለው ነገር አብዛኛው የተበላሸው እዚሁ ሸገር ላይ፣ ገና ሳንነሳ ነው።

ቀብድ ሳይቀበሉ መነሳት

«እናንተ ብቻ ኑ፣ እዚህ እንጨርሰዋለን» የሚል አዘጋጅ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ የመግቢያው ገንዘብ ሲሰበሰብ ሊከፍላችሁ አስቦ ነው። ያ ማለት ግን ዝናብ ቢዘንብ፣ ኳስ ቢኖር፣ ሰው ባይመጣ ኪሳራው የእናንተ ነው ማለት ነው። ቢያንስ የትራንስፖርቱንና የአልጋውን ወጪ የሚሸፍን ቀብድ አካውንታችሁ ውስጥ ሳይገባ ሚኒባስ አትከራዩ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ከልቡ ሊሠራ የፈለገ አዘጋጅ ቀብድ ስለጠየቃችሁት አይቀየማችሁም።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ነገር ግን እነዚህ ይኑሩበት፦ ምግብና አልጋ በማን ነው፣ ለስንት ሰው፤ ጄኔሬተር አለ ወይ፣ ነዳጁንስ ማን ይሞላል፤ ስንት ሰዓት ትጫወታላችሁ፤ የከተማው ፈቃድና የፖሊስ ማሳወቂያ የማን ሥራ ነው፤ ፈቃዱ በመጨረሻው ሰዓት ቢከለከል ከቀብዱ ምን ያህሉ ይመለሳል። ሰዓቱን ስትጽፉ «ከምሽቱ 2፡00» ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ አዘጋጁ የውጭ የባህል ተቋም ከሆነ ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ሆቴሉ ግብር ቀንሶ የሚከፍላችሁ ከሆነ የባንዱ ተወካይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ከሌለው የሚቆረጠው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የተቆረጠበትን ደረሰኝም እዚያው ተቀበሉ፤ አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ ደረሰኝ የሚልክላችሁ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ቀኑን ከጾሙና ከደመወዙ ጋር አለማስተያየት

የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት የመሸታ ቤቱም የኮንሰርቱም ገበያ ይቀዘቅዛል። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ በዓሉ ይዘልቃል። ድሬዳዋና ጅማ ደግሞ ረመዳንን ሳይጠይቁ ቀን መቁረጥ ባዶ አዳራሽ መከራየት ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲደርሱ ሕዝቡ ሙዚቃ ይፈልጋል፤ ግን መድረኩን ታዋቂዎቹ ይይዙታል፣ የሚኒባስ ኪራይም ይወደዳል። ለትንሽ ባንድ የሚሻለው በዓሉ አልፎ ሰው ኪሱ ካገገመ በኋላ፣ ደመወዝ በወጣ ሳምንት ያለው አርብና ቅዳሜ ነው። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከሆነ ተማሪዎቹ ፈተና ላይ አለመሆናቸውን ጠይቁ። የራሳችሁን ዜማ መጀመሪያ ጆሮ ሰጥቶ የሚሰማችሁ ተማሪው ነውና።

«ሞንታርቦ አለ» ሲባል ማመን

በዚህ ነገር ብዙ ጥሩ ሥራ ሲበላሽ አይቻለሁ። ስልክ ትደውላላችሁ።

«ጋሼ፣ ሞንታርቦው እንዴት ነው? ሚክሰሩስ ስንት ቻናል ነው?»

«አታስብ ወንድሜ፣ ሠርጉን ሁሉ የምንሠራበት ነው!»

ሠርግ የሚሠራበት ሞንታርቦ ለዲጄና ለአንድ ማይክ በቂ ነው። ለቤዝ፣ ለሊድ ጊታር፣ ለኪቦርድ፣ ለክራር፣ ለሁለት ድምፃዊና ለድራም ግን አይበቃም። ስለዚህ በቃል አትጠይቁ፤ የሚክሰሩን የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ የስፒከሮቹን ፎቶ፣ የሶኬቶቹንም ፎቶ በቴሌግራም አስልኩ። ፎቶው ላይ ስድስት ቻናል (የድምፅ መግቢያ) ብቻ ካያችሁ የራሳችሁን ትንሽ ሚክሰር ትጭናላችሁ፣ ወይም አዘጋጁ ሌላ እንዲከራይ ከአሁኑ ትነግሩታላችሁ።

መብራቱ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው ይባላል፤ እራት ሰዓት ላይ ከኩሽናው የኤሌክትሪክ ምጣዱና ምድጃው አንድ ላይ ሲለኮሱ መድረኩ ላይ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ሊያንስ ይችላል። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ኪቦርዱ በዘፈን መሀል ጠፍቶ መልሶ ይበራል፣ ያዘጋጃችሁት ድምፅ ሁሉ ወደ ተራ ፒያኖ ይመለሳል፣ ኪቦርዲስቱ በጨለማ ውስጥ ቁልፍ ይፈልጋል፣ ድምፃዊው ደግሞ ወሬ መፍጠር ይጀምራል። መድኃኒቱ ለኪቦርድና ለሚክሰር ብቻ የሚሆን፣ ከፍ ዝቅ የሚለውን መብራት የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ይዞ መሄድና ከኩሽናው ጋር በማይጋራ መስመር ላይ መሰካት ነው። የሆቴሉን ኤሌክትሪሻን ቀን ሳለ ፈልጋችሁ ተዋወቁት፤ ማታ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። ቴስተር፣ ረጅም ማራዘሚያ፣ ሁለት ጥሩ ዲቫይደር፣ ትርፍ ጃክ፣ ባትሪና የኤሌክትሪክ ቴፕ በአንድ ሳጥን ይሁኑ። ያ ሳጥን አንድ ኃላፊ ይኑረው፤ ሌላ ማንም አይክፈተው።

ዕቃውን በመነሻው ሌሊት መሰብሰብ

ከ2016 ወዲህ ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ ባንዶች ልምምድ የሚያደርጉበትን ቤት አጥተዋል። ዛሬ ድራሙ አያት፣ አምፕሊፋየሩ ጀሞ፣ ኪቦርዱ ስድስት ኪሎ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሆኖ መለማመድ የሰጠንን ቅርበት ምንም አይተካውም። ለጉዞም አዲስ ችግር አምጥቷል። ሌሊት 11 ሰዓት እንነሳለን ያለ ባንድ ሰውና ዕቃ ሲለቅም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገና ቃሊቲን አያልፍም። ሁሉም ዕቃ በዋዜማው ማታ መሀል ከተማ አንድ ቦታ ይግባ። ሰውም ለገሃር ወይም ስታዲየም ተቀጣጥሮ ይገናኝ እንጂ መኪናው ቤት ለቤት አይዙር።

የዕቃውን ዝርዝር ከነመለያ ቁጥሩ ጽፋችሁ፣ ማኅተም ካላችሁ አትማችሁ ያዙ። ኬላ ላይ ሲጠየቅ ጊዜ ይቆጥብላችኋል። ስትመለሱም ምን እንደቀረ የምታውቁት በእሱ ነው።

ክራሩንና ማሲንቆውን እንደ ኪቦርድ መቁጠር

አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐዋሳ 1700 አካባቢ፣ ድሬዳዋ 1200 አካባቢ ነው፤ በአዋሽ በኩል ስትሄዱ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ወዳለ ሙቀት ትወርዳላችሁ። ናይሎን ክር በሙቀት ይላላል። የማሲንቆ ቆዳ እርጥብ አየር ሲያገኘው ይረግባል፤ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ማታ ስትጫወቱ ድምፁ ታፍኖ የምትሰሙት ለዚህ ነው። በብርድና በደረቅ አየር የተቃኘ መሣሪያ ከመኪና ወጥቶ ቀጥታ መድረክ ላይ አይወጣም። ከሳጥኑ አውጥታችሁ፣ ከፀሐይ አርቃችሁ፣ በምትጫወቱበት ቦታ አየር ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ቃኙት፣ ከሳውንድ ቼክ በኋላ ደግማችሁ፣ ልትጀምሩ ስትሉም እንደገና ቃኙት። ምሳ እስክትበሉ ብላችሁ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሙጫው ይለቃል፣ እንጨቱ ይጣመማል።

የሚረሳ ሌላም ነገር አለ። ክራር በአንድ ጊዜ በአንድ ቅኝት ነው የሚቃኘው። ትዝታ ተጫውታችሁ ቀጥሎ አንቺሆዬ፣ ከዚያ ባቲ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ትዝታ ካላችሁ ክራር መቺው በእያንዳንዱ መሀል የቀንበሩን መጠምጠሚያዎች ሲያዞር ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ፒያሳ በሚያውቃችሁ ሰው ፊት ይህ ያምራል፤ ቅኝቱን ራሱን እንደ ጨዋታ የሚሰማ አለ። በማያውቃችሁ ከተማ ግን ሰውየው ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ዘፈኖቹን በቅኝት በቅኝት አቧድኑ፣ ወይም ሁለት ክራር ያዙ። ዋሽንትም ቀዳዳው አይቀየርምና ለየድምፁ የሚሆነውን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ።

በራስ ዜማ ማፈር

ብዙ ትንሽ ባንድ ክፍለ ሀገር ሲወጣ «እዚያ የሚፈልጉት የታወቀውን ነው» ብሎ ሁሉንም የራሱን ሥራ ያስቀራል። ይህ አይገባኝም። የታወቀውን ዘፈን በዚያው ከተማ ያለ የሆቴል ባንድ በየቀኑ ይጫወተዋል፤ ያን ያህል መንገድ የመጣችሁት ሌላ ነገር ስላላችሁ ነው። በሁለት በሚታወቁ ዘፈኖች ጀምሩ፣ ሕዝቡ ሲሞቅ የራሳችሁን አስገቡ፣ ጠንካራውን ዜማችሁን ለመጨረሻ አታቆዩ፤ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ነው። የሰው ዘፈን ስትጫወቱም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአደባባይ የማቅረብን መብት ለሥራው ባለቤት እንደሚሰጥ አትርሱ፤ ውል ስትዋዋሉ የፈቃዱን ጉዳይ ማን እንደሚይዝ ይነሳ። ቢያንስ ደግሞ የደራሲውንና የዜማ ሠሪውን ስም መድረክ ላይ ጥሩ።

ሐዋሳ በሲዳምኛ፣ ድሬዳዋ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሰላምታችሁን ተለማመዱ። ዘፈን ለመዝፈን ግን ቃሉን የሚያውቅ ሰው ሳያርማችሁ አትድፈሩ።

ከሥራ በኋላ ሌሊቱን መንዳት

ከሁሉ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሥራው ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ያልቃል፣ ዕቃ እስክትጭኑ 9 ይሆናል፤ አንዱ «ነገ አዲስ አበባ ጉዳይ አለኝ፣ እንሂድ» ይላል። አትሂዱ። የአልጋ ወጪ ለመቆጠብ የሚደረግ ጉዞ የሰው ሕይወት የሚከፈልበት ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት መብራት የሌለው ሲኖትራክ መንገድ ዳር ቆሞ ይገኛል፣ በአዋሽ መስመር ግመልና ከብት አስፋልቱን ይሻገራል፣ ሹፌሩም ከናንተ እኩል ነቅቶ አምሽቷል።

ስለ ሹፌሩ ደግሞ አንድ ነገር። ውላችን ላይ አልጋ ለሙዚቀኞቹ ይጻፍና እሱ ይረሳል፤ ዕቃ እየጠበቀ ወንበር ላይ ያድራል። ጠዋት ስድስት ሰው ነፍሱን የሚሰጠው ለዚህ እንቅልፍ ላጣ ሰው ነው። የሹፌሩ አልጋ በውሉ ይግባ፣ ዕቃው ወደ ክፍል ወይም ወደሚቆለፍ መጋዘን ይግባ፣ እሱም ሥራው ሳያልቅ ሄዶ ይተኛ። ነዳጅ ደግሞ በዋዜማው ይሞላ፤ ሰልፍ የት እንደሚጠብቃችሁ አይታወቅም፣ ክፍያውም በስልክ ስለሆነ ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ጥሬ ብር ይዞ መቆም አይጠቅምም።

አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ማብዛት

ዋልያስ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለሥራ ሄዶ ከአባላቱ ገሚሱ ሲመለስ ገሚሱ እዚያው ቀርቷል። እንዲህ ያለው መለያየት በታላላቆቹም ደርሷል፤ በትንሽ ባንድ ደግሞ ትኩሳት ብቻ ይበቃል። የእያንዳንዱን ዘፈን ቤዝ፣ የክራሩን መግቢያ፣ የድራሙን መቁረጫ በስልክ ለየብቻ ቅዱና ሁላችሁም ያዙት። የአዘጋጁ ቁጥር፣ ውሉና የአልጋው ስምምነትም በባንድ ሊደሩ ስልክ ውስጥ ብቻ አይቅሩ።

ስለ ገንዘብ ከሥራ በኋላ መነጋገር

ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሁሉም ደክሞት፣ አንዳንዱ ቀምሶ፣ ገንዘብ አይከፋፈልም። ድርሻው እዚህ እያላችሁ፣ በቀን፣ ሁሉም ባለበት ይወሰን። በእኔ እምነት ትንሽ ባንድ እኩል መካፈል አለበት፤ ዜማውን የደረሰው ሰው መብቱ ከዘፈኑ ገቢ እንጂ ከመንገዱ አበል አይወጣም። ከሁሉ የሚያጣላው ሽልማት ነው። ሰው ብሩን የሚለጥፈው ድምፃዊዋ ግንባር ላይ ነው፤ ያስጨፈረው ግን ከኋላ ያለው ድራምና ቤዝም ነው። ሽልማት ወደ ጋራ ይግባ ካላችሁ ሁልጊዜ ይግባ፤ የግል ነው ካላችሁም ሁልጊዜ የግል ይሁን። ትልቅ ሽልማት በወጣ ማታ ደንብ የሚቀይር ባንድ ብዙ አይቆይም።

ከጠቅላላው ላይ መጀመሪያ የመኪናው፣ የነዳጁና የአልጋው ወጪ ይነሳ፤ ቀጥሎ ለክር፣ ለድራም ቆዳና ለኬብል የሚሆን የባንዱ ድርሻ ይቀመጥ፤ የቀረው ለአባላቱ ይከፋፈል። ሒሳቡን አንዱ በወረቀት ጽፎ ከነደረሰኙ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ በተመለሳችሁ በማግሥቱ ይልቀቀው። ያልተከፈለ ቀሪ ካለ አዘጋጁ ጋር በዚያው ሳምንት ይደወል፤ ወር ካለፈው ያ ገንዘብ አይገኝም።