የጓሳን አፋፍ በእግር እንዴት ይጓዛሉ?

በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ደጋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ሐይቅ የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አንድ ማለዳ አፋፉ ላይ ቆሜ ከሥሬ የተንጣለለውን ነጭ ነገር ውሃ ነው ብዬ ብዙ ስላየሁት ነው። ቆላውን የሞላው ጉም ነበር። ፀሐይ ጠንከር ስትል ያ ጉም እየተነሣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ እንኳን ቆላውን የራስን ጫማ ማየትም ያስቸግራል። እንግዲህ ዝግጅትዎ ሁሉ ማለዳ አፋፉ ላይ ለመገኘት ይሁን።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ቀን መውጣቱን አልመክርም። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደብረ ብርሃን ይደሩ፤ እዚያው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሰውነትዎ ይለማመዳል። ከፍታ ለጎበዝም አያደላም። ራስ ምታቱ በርትቶ ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ከደብረ ብርሃን መንገዱ በጣርማ በር በኩል ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ከሠራው ዋሻ ሳይደርሱ ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን መንገድ ይያዙ፤ ዋሻውን ካለፉ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል እየወረዱ ነው። የመንገዱን ሰላም ግን ከመነሣትዎ በፊት የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ።

ስንቅዎን ከከተማ ይያዙ። በሶና ቆሎ አይከብዱም፣ አይበላሹም። ባርኔጣም አይርሱ፤ የደጋ ፀሐይ በብርዱ መሐል ሆና ታቃጥላለች። የመንዝ ሰው ከበጎቹ ፀጉር የሚሠራውን ባና ከባድ ነው ብሎ የተወ እንግዳ ሲንቀጠቀጥ ያድራል፤ እኔ አድሬያለሁ።

ሲደርሱ ክፍያዎን ፈጽመው መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ጠባቂ ይዘው ይውጡ። ቦታው ባለቤት አለው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ግጦሹንና ጓሳ የተባለውን ሣር አጨዳ ለዓመታት እየዘጋ፣ በጋራ ውሳኔ እየከፈተ ጠብቆት ኖሯል። ሣሩ የቤት ክዳንም ገመድም ይሆናል። ስለዚህ በተረገጠው መንገድ ብቻ ይሂዱ። ጓሳው በጉብታ በጉብታ ስለሚበቅል በመካከሉ የሚራመድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ያዞራል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡ። አፋፉ አጠገብ ሲደርሱ ቆም ብለው ያዳምጡ፤ ገደሉ ላይ ያደሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ስትሞቅ እየተንጫጩ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ሰውን ብዙም ከቁብ አይቆጥሩም፤ ምግብ ግን አይስጧቸው። ከዚያ ገደሉን በአንድ ጎንዎ አድርገው ከጫፉ ጥቂት እርምጃ ገባ ብለው ይጓዙ። እየሄዱ ቁልቁል አይመልከቱ፤ ማየት ሲፈልጉ ይቁሙ፣ አይተው ሲጨርሱ ይራመዱ። የተሸረሸረ ጠርዝ ከላይ ሣር ለብሶ ደህና መሬት ይመስላል። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ ከጀርባዎ የሚፈሰው በጀማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ነው። ዝናብ ሲጥል ጠብታዎቹ የሚለያዩት እርስዎ በሚረግጡት ጀርባ ላይ ነው።

ጉሙ ድንገት ከደረሰብዎ ባሉበት ይቀመጡ። ጠባቂው «እንነሣ» እስኪል ድረስ መንገድ አይፈልጉ።

ወደ ጠዋቱ 4 ሰዓት አፋፉን ትተው ጅብራ በተባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል ወደ ረግረጉ ሜዳ ይግቡ። ቀይ ቀበሮ የሚገኘው አይጥ በሚበዛበት በዚያ ነው። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አንድ ጉድጓድ ላይ ካፈጠጠ እርስዎም ባሉበት ይቁሙ፤ አይጧ ብቅ እስክትል እሱም አይነቃነቅም።