ያረጀ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍና በድንገት ሲዘጋ፦ መንስኤውና መፍትሄው

4 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ) ያለው ዊንዶውስ 10 ኮምፒውተር ማስቸገር ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን፣ የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ግን የራሙን መጠን አይጨምርም፤ የተበላሸ ራምም አይጠግንም። ስለዚህ ፋይሎችን ለአደጋ ከማጋለጥ በፊት ራሙ ሞልቶ ነው ወይስ ተበላሽቶ የሚለውን መለየት ያስፈልጋል።

ሲከፈት ደህና የነበረው ኮምፒውተር፣ ብሮውዘሩ ላይ ታብ በተጨመረ ቁጥር እየዘገየ ሄዶ፣ የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ እየበራ፣ በመጨረሻ ማውሱም አልንቀሳቀስ ካለ፣ ራሙ ሞልቷል ማለት ነው። ዊንዶውስ በራም ላይ ቦታ ሲያጥረው ከያዘው መረጃ ከፊሉን ፔጅ ፋይል ወደሚባለው የዲስክ ማከማቻ ያወርዳል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር በማይወዳደር ሁኔታ ቀርፋፋ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ «ሜሞሪ» የሚለውን ርዕስ ሲጫኑ ብዙ ራም የያዘው ፕሮግራም ወደ ላይ ይመጣል። የማይፈልጉትን ይዝጉ፤ ከዚያም «ስታርትአፕ» በሚለው ክፍል ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች፣ ከጸረ ቫይረሱ በስተቀር፣ ያሰናክሉ።

ፔጅ ፋይልን ማጥፋት ኮምፒውተሩን ያፈጥናል የሚለውን ምክር ፈጽሞ አይከተሉ። ራሙ ሲሞላ መረጃው የሚወርድበት ቦታ ስለማይኖር፣ ያልተቀመጠ ሥራ እንደያዙ ፕሮግራሞች በድንገት ሊዘጉ ይችላሉ። መጠኑን ዊንዶውስ ራሱ እንዲወስን ይተዉለት፤ ዊንዶውስ ያለበት ሲ ድራይቭም ጢም ብሎ እንዳይሞላ ይጠብቁ። ራም እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞችንም አልመክርም፤ ብዙዎቹ መረጃውን ወደ ዲስክ ከመግፋት ያለፈ ሥራ የላቸውም።

ራም ለመጨመር ካሰቡ፣ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ እንደማይጠቀም አስቀድመው ይወቁ። የራም ዓይነቶችም ይለያያሉ፦ ዲዲአር4 ራም በዲዲአር3 ማስገቢያ አይገባም፤ 1.35 ቮልት ብቻ የሚቀበሉ ላፕቶፖች ደግሞ ዲዲአር3ኤል የተባለውን ዝቅተኛ ቮልት የሚጠቀም ዓይነት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በውስጡ ያለውን ራም አውጥቶ በላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ከግዢ በፊት ሊደረግ የሚገባው ነገር ነው።

ራሙ ሳይሞላ ዊንዶውስ በከባድ ስህተት ሲቆም የሚያሳየው ሰማያዊ ስክሪን ከመጣና «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ስህተት ከተደጋገመ፣ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ራሙ ራሱ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪውን አውጥተው ራሙን በትክክል መልሰው ይሰኩት፤ አንዳንዴ ችግሩ የላላ መገናኛ ብቻ ነው። ከዚያም ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ በተባለው መሣሪያ ይፈትሹ። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እየሰኩ መሞከር ጥፋተኛውን ይለያል፤ እሱንም ከመቀየር ሌላ መፍትሄ የለውም።

ምንም መልእክት ሳያሳይ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን፣ ራሙን ከመጠርጠር በፊት አየር ማራገቢያው በአቧራ መታፈኑንና የኃይል አቅርቦቱን ይመርምሩ።