ልጁ ሳይገባ ክፍሉን አሙቁት

የህፃናት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ በነርስነት ለምትጀምሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ክፍሉ መሞቅ ያለበት ልጁ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ነው። ህፃን ልጅ ከክብደቱ አንፃር ሲታይ የቆዳው ስፋት ከአዋቂ ስለሚበልጥ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፣ ጨቅላ ከሆነ ደሞ ተንቀጥቅጦ እንኳን ራሱን ማሞቅ አይችልም፣ በዛ ላይ አንስቴዥያው (ማደንዘዣው) የደም ስሩን ስለሚያሰፋው ገና ምላጭ ሳይነካው መቀዝቀዝ ይጀምራል። አንዴ ከ36 ዲግሪ በታች ከወረደ መመለሱ ከባድ ነው፣ ደሙ እንደ ልብ አይረጋም፣ ለመንቃትም ይዘገያል።

ስለዚህ ኤሲውን ቀድማችሁ አስተካክሉ፣ ሙቅ አየር የሚነፋውን ብርድ ልብስ ቀድማችሁ አብሩ፣ ጭንቅላቱን በኮፍያ ሸፍኑት (የህፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ትልቅ ድርሻ ስላለው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም)፣ ማጠቢያው ሳላይንም (ጨው ያለበት ንፁህ ውሃ) ሞቅ ያለ ይሁን። ሰርጅኑ ሞቀኝ ቢላችሁም ልጁ ተሸፍኖ እስኪያልቅ ድረስ እንዳትቀንሱት፣ በትህትና አስረዱት፣ እዚህ ላይ ጠንከር በሉ።

አደራ የምላችሁ ግን ሙቅ ውሃ በጓንት ሞልታችሁ አጠገቡ እንዳታደርጉ፣ የማሞቂያውንም ቱቦ ያለ ብርድ ልብሱ ቀጥታ ወደ ቆዳው እንዳታዞሩ፣ የተኛ ልጅ አቃጠለኝ ብሎ ሊነግራችሁ ስለማይችል ሁለቱም ክፉኛ ያቃጥላሉ። ቴርሞሜትሩንም እስከ መጨረሻው ተከታተሉ፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ማሞቂያውን የምትቀንሱት እሱን አይታችሁ ነው።