ለጎንደር ልጆች፦ ፋየርፕሌስ ያለው ቤት ከገዛችሁ

እኔ ያለሁት ጎንደር ነው፣ ማራኪ። ከኅዳር ጀምሮ ስልኬ የሚጮኸው ግን ከሚኒሶታ፣ ከዴንቨር፣ ከኤድመንተን ነው። ዘመድ አዝማዱ ቤት ገዝቷል። ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ምድጃ አለ። እንጨት ገዝቶ አነደደ፣ ከዚያ ደወለ። "አያ፣ እሳቱ ይነዳል፣ ቤቱ ግን ጭራሽ በረደ እኮ!" እዚያ ሳለሁ ከጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ጋር እሠራ ስለነበር ነው ሁሉም እኔን የሚጠይቀው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

በረደ ያለው ልክ ነው። ክፍት ፋየርፕሌስ ደስ ይላል እንጂ ቤት አያሞቅም። እሳቱ የሚፈልገውን አየር ከሳሎኑ ይስባል። በጋዝ ወይም በመብራት ከፍላችሁ ያሞቃችሁት አየር ከጭሱ ጋር ሽቅብ ይወጣል፣ በሱ ፋንታ ደግሞ ቀዝቃዛው በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ከፊቱ የተቀመጠ ሰው እግሩ ይሞቃል፣ ጓዳ የተኛው ይንቀጠቀጣል። እንጨቱ ከሚሰጠው ሙቀት አብዛኛው በጣሪያው በኩል ወጥቶ ሄደ ማለት ነው።

መፍትሔው ኢንሰርት ይባላል። በግድግዳው ምድጃ አፍ ውስጥ ተገፍቶ የሚገባ፣ የመስታወት በር ያለው የብረት ምድጃ ነው። በሩ ስለሚዘጋ አየሩን የምትመጥኑት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከእንጨቱ ሙቀት 70 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ለቤቱ ይሰጣሉ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፣ ከነቱቦውና ከነሠራተኛው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ተከራይ ከሆናችሁ እዚህ ላይ ማንበብ ማቆም ትችላላችሁ። የሰው ግድግዳ ነው፣ ያለ አከራዩ ፈቃድ ምንም አትንኩ።

ሁሉም የሚሳሳተው መጀመሪያ ሱቅ በመሄድ ነው። ሻጩ መስታወቱንና ነበልባሉን ያሳያችኋል፣ ልብ ይሰርቃል። እኔ የምለው ግን መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ይታይ። ምን ዓይነት ኢንሰርት እንደምትገዙ፣ ጨርሶ መግዛት ትችሉ እንደሆነም የሚወስነው እሱ ነው።

ባትሪ ያዙና ጎንበስ ብላችሁ ወደ ምድጃው ውስጥ ግቡ። የጎኑን ግድግዳ በጣታችሁ አንኳኩት። እውነተኛ ጡብ ከሆነ ድፍን ነው፣ በጡቦቹ መሀል ያለው ስሚንቶም በእጅ ይዳሰሳል። አንዳንዱ ግን የጡብ ቅርጽ የታተመበት ሰሌዳ ነው፣ ዙሪያው ቆርቆሮ፣ አፉ ላይ የሞዴል ቁጥር ያለበት ትንሽ የብረት ምልክት የተለጠፈበት። ውጭ ወጥታችሁ ጣሪያውን እዩ፤ የጡብ ማማ ሳይሆን ክብ የብረት ቱቦ ብቅ ካለ ይሄኛው ነው። ፋብሪካ የሠራው ምድጃ ማለት ነው፣ አምራቹ ካልፈቀደ በቀር ኢንሰርት አይገባበትም። ከብረቱ ጀርባ ያለው የቤቱ እንጨት ነው፣ ሙቀቱ ከታሰበለት በላይ ከሆነ ግድግዳው ከውስጥ ይያያዛል። ብዙ አዳዲስ ቤቶች ያላቸው ይሄንኑ ነው፣ ስለዚህ ቅድሚያ አጣሩ።

ጡብ ከሆነ ደግሞ የተመሰከረለት ጠራጊ አስመጡ። ምድጃ ስትቀይሩ "ደረጃ ሁለት" የሚባለውን ምርመራ ጠይቁ፣ ካሜራ አስገብቶ ከታች እስከ ላይ ያያል። ቪዲዮውን አብራችሁ እዩት። ስንጥቅ አለ ካላችሁ የት እንዳለ ያሳያችሁ።

ቀጥሎ ቱቦው፣ ላይነር ይሉታል። የድሮው ጭስ ማውጫ ሰፊ ነው፣ ለክፍት እሳት የተሠራ። ኢንሰርት ግን ሙቀቱን ለቤቱ ስለሚያስቀር የሚልከው ጭስ ትንሽ ነው፣ ቀዝቀዝም ያለ ነው። ያ ጭስ በሰፊው ጉድጓድ ውስጥ እያዘገመ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ላይም ጠቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ክሪዮሶት የሚሉት እሱን ነው። እኛ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ እንደምናውቀው ልፍስፍስ ጥላሸት እንዳይመስላችሁ፤ ይጠነክራል፣ ያብረቀርቃል፣ እሳት ሲያገኝ ደግሞ ራሱ ማገዶ ነው። ስለዚህ የማይዝግ ብረት ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ ስፋቱ 6 ኢንች የሆነ፣ ከኢንሰርቱ ራስ ተነስቶ ጫፍ ድረስ ይዘረጋል፣ ላዩም ይከደናል። ርካሽ ዋጋ የሚሰጣችሁ ሠራተኛ "ቱቦ አያስፈልግም፣ ሳጥኑን እንከትና ጭሱ በድሮው ይውጣ" ካለ፣ ወይም አጭር ቱቦ ቀጥሎ ሊተወው ከፈለገ አመስግናችሁ ሸኙት።

መጠን ላይ እኛ ሐበሾች ትልቅ እንወዳለን። እዚህ ላይ ትልቅ ጥሩ አይደለም። ለቤቱ የሚበዛ ኢንሰርት ከገዛችሁ ሙቀቱ ያማርራችኋል፣ አየሩን ትዘጋላችሁ፣ እሳቱ ያለ ነበልባል ይጨሳል፣ መስታወቱ ይጠቁራል፣ ቱቦው ይቆሽሻል። የምትቀመጡበትን ክፍል ስፋት ለክታችሁ ለሻጩ ንገሩት። የምድጃውን አፍ ስትለኩም የፊቱን ስፋት ብቻ አትለኩ። ወደ ኋላ ይጠባል፣ ጣሪያውም ወደ ኋላ ያዘነብላል። የፊት ስፋት፣ የኋላ ስፋት፣ የፊት ከፍታ፣ የኋላ ከፍታ፣ ጥልቀት፣ ሁሉንም ጻፉ። ከአፉ በላይ የእንጨት መደርደሪያ ካለ ከሱ ያለውን ርቀትም ለኩ፣ መመሪያው ላይ ቢያንስ ይሄን ያህል ይራቅ የሚል ቁጥር አለ። የሚነድደው ክፍል ደግሞ 16 ኢንች ፍልጥ ይቀበል፣ አሜሪካ ውስጥ እንጨት ሻጩ በብዛት የሚቆርጠው በዚያ ልክ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ኢንሰርቱ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አንብቡ። ከግንቦት 2020 ወዲህ አዲስ የሚሸጥ የእንጨት ምድጃ በሰዓት ከ2 ግራም በላይ ብናኝ እንዳይለቅ፣ በተራ ፍልጥ ከተፈተነ ደግሞ ከ2.5 ግራም እንዳይበልጥ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወስኗል። ኢንተርኔት ላይ በ300 ዶላር የሚወጣው አሮጌ ኢንሰርት ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ዋሽንግተንና ኦሪጎን ግዛት ያልተመሰከረለትን መሸጥ ራሱ ክልክል ነው። ሌላ ቦታም ቢሆን መመሪያው የጠፋበትን ምድጃ ተቆጣጣሪ ላያሳልፍላችሁ ይችላል። የፌዴራል የግብር ቅናሽ አለ የሚላችሁ ሻጭ ካለ ደግሞ የድሮውን ነው የሚያወራው። 30 በመቶ፣ እስከ 2,000 ዶላር የሚመልሰው የፌዴራል ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል።

ከከተማው ፈቃድ አውጡ። ለቤት ኢንሹራንሳችሁም ሳይተከል በፊት ደውሉና ንገሩ። አንዳንዶች ዋጋ ይጨምራሉ፣ ይጨምሩ፤ ያልተነገረው ግን ቤት ሲቃጠል "አልከፍልም" ለማለት ምክንያት ይሰጣል። ካናዳ ያላችሁ ዌት የተባለ ምስክርነት ያለው መርማሪ ፈልጉ። እንግሊዝ ሄታስ ነው፣ ብዙ ከተሞችም ጭስ የተገደበባቸው ስለሆኑ ምድጃው ለዚያ የተፈቀደ መሆን አለበት። ስዊድን ለኮሚዩኑ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ሳታሳውቁ አትጀምሩ። ጀርመን የሰፈሩ ጭስ ማውጫ ጠራጊ አይቶ ሳያጸድቅ ክብሪት መጫር የለም።

አሁን እንጨቱ። "በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል" ትሉኝ ይሆናል። ኢንሰርት ውስጥ አይነድም፣ ይንተከተካል እንጂ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። ሻጩ ሁሉ "ደረቅ ነው" ነው የሚለው። እርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፣ ግዙ። አንድ ፍልጥ ውሰዱና እንደገና ለሁለት ፍለጡት፣ መርፌዎቹን አዲስ በተገለጠው ፊት ላይ ውጉ። ውጩን ብትለኩ ይዋሻችኋል፣ ልቡ እርጥብ ሆኖ ቆዳው የደረቀ ብዙ ነው። ኦክ እስኪደርቅ ሁለት ዓመት ሊወስድበት ይችላል።

ልኩ ላይም እንዳትሸወዱ። ሙሉ "ኮርድ" ማለት ተደርድሮ 4 ጫማ ከፍታ፣ 4 ጫማ ጥልቀት፣ 8 ጫማ ርዝመት ያለው ክምር ነው፣ 128 ኪዩቢክ ጫማ። "ፌስ ኮርድ" የሚባለው ከፊት ሲያዩት ያው ነው፣ ጥልቀቱ ግን የአንድ ፍልጥ ርዝመት ብቻ ነው። በ16 ኢንች ከሆነ የሙሉው ሲሶ! ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሲመጣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ላዩን ብቻ ሸፍኑ፣ ጎኑ ይተንፍስ። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ቆሻሻ አይከተትም። እንጨት ከሩቅ ግዛት አታምጡ፣ ዛፍ የሚጨርስ ነፍሳት አብሮ ይጓዛል።

ማንደድ ላይ ጎንደሬ አስተማሪ አይፈልግም ትሉኛላችሁ። ትፈልጋላችሁ። እኛ ጭራሮውን ከታች አድርገን ትልቁን እንጭንበታለን። ኢንሰርት ውስጥ ግን ገልብጡት። ሁለት ወፍራም ፍልጥ ከታች፣ መካከለኛው በላዩ፣ ጭራሮው ከሁሉም በላይ፣ ክብሪቱም ከላይ። እሳቱ ወደ ታች እየበላ ይወርዳል፣ ቱቦው ቶሎ ይሞቃል፣ ጭሱም በነበልባሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ይቃጠላል። እስኪያያዝ ድረስ አየሩ ሙሉ ይከፈት፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱት። በሩን ስትከፍቱ ቀስ ብላችሁ፣ አለበለዚያ ጭሱ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ቁሌት እየተሠራ የኩሽናው አየር መሳቢያ ሙሉ ኃይሉ ላይ ከሆነም ጭሱን ወደ ቤት ይጎትተዋል፣ መስኮት ገርበብ አድርጉ።

የእናቶቻችን እሳት ማዳፈን ደግሞ እዚያ ይቅርባችሁ። ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍኖ ጠዋት ጭራሮ ጣል አድርጎ እፍ ማለት ለእኛ ምድጃ ድንቅ ነው። ኢንሰርት ውስጥ ግን "ይደርልኝ" ብሎ እንጨት ሞልቶ አየሩን ጥርቅም ማድረግ ቱቦውን በጠቀርሻ ይሞላዋል። ጥቂት ፍልጥ፣ ደማቅ ነበልባል፣ ከዚያ ይጥፋ። ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚያስገመግም ድምፅ ከሰማችሁ ጠቀርሻው ተያይዟል፤ አየሩን ዝጉ፣ ሁሉንም ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ እሳት አደጋ ጥሩ።

ቡናው። ይሄን ለእናቶቹ አንብቡላቸው። ኢንሰርቱ ውስጥ የሚያምር ፍም ሲያዩ እጃቸው አይቀመጥም፤ በማንደጃ ዛቅ አድርጎ ጀበና መጣድ፣ ዕጣኑንም እዚያው። አይሆንም! ጎንደር ቤታችን በበሩም በቆርቆሮውም ይተነፍሳል። የፈረንጅ ቤት ለብርዱ ተብሎ የታሸገ ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። የገዛችሁት ከሰል ከሆነም ያው ነው፣ ቤት ውስጥ አይለኮስም። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በየፎቁና በመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ስቀሉ፣ ባትሪውንም "ጮኸብኝ" ብላችሁ አታውጡ።

አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አውጡ። የወረቀት ከረጢትና ፕላስቲክ አይሆንም፣ የእንጨት በረንዳ ላይም አይቀመጥም፣ ረመጥ ለቀናት ተሸሽጎ ይቆያል። ውጭ፣ ስሚንቶ ላይ።

ጠራጊ በየዓመቱ ይምጣ። የምትደውሉት ሰኔና ሐምሌ ላይ ይሁን፣ በፈረንጅ ጁንና ጁላይ። ጥቅምት ላይ አገሩ ሁሉ ስለሚደውል ወረፋው አይቻልም፣ ዋጋውም ቅናሽ የለውም። ደረሰኙን ከፈቃዱና ከመመሪያው ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፣ ቤቱን ስትሸጡ ገዢው ሊጠይቃችሁ ይችላል።