ሐረጎ ላይ የቆመ መኪና፦ ይዞራል ግን አይነሳም፣ ይነሳል ግን ይጠፋል

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ሐረጎ ላይ ዳር ይዞ የቆመ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ኮፈኑ ተከፍቷል። ሹፌሩ ወገቡን ይዟል። ሦስት ሰው ከቦታል። አንዱ ብልጭታ የሚሰጠውን ጠርጥሮ «ካንዴላ ነው» ይላል፣ ሌላው ነዳጅ የሚገፋውን ጠርጥሮ «ፖምፓ ነው» ይላል፣ ሦስተኛው እንግፋው ባይ ነው። ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ሹፌሩ ተስፋ ቆርጦ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሁሉም «አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» ይልና ይበተናል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ ነው። መካኒኩ ምን ያድርግ? ይገምታል። የግምቱን ሒሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ምርመራው መኪናው በሞተባት ደቂቃ፣ እዚያው መንገድ ዳር ነው መሠራት ያለበት። እኔ ሙያዬ መካኒክነት አይደለም። አሮጌ ኮሮላ ይዞ ደሴና ኮምቦልቻ ዓመት ከዓመት የተመላለሰ ሰው ግን ሳይወድ በግዱ ሩብ መካኒክ ይሆናል።

መጀመሪያ አዟዟሩን ስሙ

ቁልፍ ስታዞሩ «ቀጭ» ብቻ ካለ ወይም ጭራሽ ዝም ካለ፣ ያ የባትሪና ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የሞተሪኖ ጉዳይ ነው። ለዛሬ እንተወው። የኛ ጉዳይ ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ የማይነሳበት ነው። አዟዟሩ ራሱ ግን ይለያያል።

እየጎተተ፣ እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ ባትሪው ደክሟል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ይህን ቶሎ ያጋልጣል። ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። እያዞራችሁ ከ9.6 በታች ከወረደ ብልጭታውም አብሮ ይደክማል፤ ስለዚህ ዞሮም ላይነሳ ይችላል። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የባትሪውን ራሶች እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ፍቷቸው፣ በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ፍቁ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ስንት ባትሪ በዚህ ሰበብ ያለ ዕድሜው ተጥሏል!

ከወትሮው ፈጥኖ፣ ምንም እንዳልከበደው «ሽርርር» ብሎ ከዞረ ደግሞ አቁሙ። ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጊያ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ሞተር ቺንጊያው ሲበጠስ ፒስተኑ ከቫልቭ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ደጋግሞ ማዞር የለም፤ በገመድ አስጎትቱት።

አዟዟሩ እንደ ሁልጊዜው ከሆነ ወደ ነዳጁና ወደ ብልጭታው እንሂድ። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ። ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት። ያለዚያ አንዱን ችግር ስትፈልጉ ሞተሪኖውን ታቃጥሉና ሁለት ችግር ይዛችሁ ትገባላችሁ።

ነዳጅ ይደርሳል ወይ?

«ነዳጅ አለው?» ሲባሉ የማይቆጡ ሹፌሮች ጥቂት ናቸው። ግን ጠይቁ። የነዳጅ መርፌ ይዋሻል፣ በተለይ አቀበት ላይ። ታንከሩ ውስጥ ትንሽ ነዳጅ ካለና አፍንጫው ወደ ላይ ከቆመ፣ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፖምፓው አየር ይስባል። ሜዳ ላይ የሚነሳ መኪና ቶሳ ሥር ካለ ቁልቁለት ላይ አድሮ የማይነሳው አንዳንዴ ለዚህ ብቻ ነው። አምስት ሊትር ጨምሩና ሞክሩ።

ኢንጄክሽን ያለው፣ ማለትም ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ መኪና ከሆነ ሬዲዮውን ዝጉና ቁልፉን ሳታስነሱ ክፈቱ። ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ፖምፓው ኤሌክትሪክ እየደረሰው ነው። አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ግን ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ነው ፖምፓውን የሚያሠሩት፤ እነሱ ላይ አንድ ሰው እያዞረ ሌላው ጆሮውን ታንከሩ ጋ ያድርግ። ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን፣ ማለትም ለፖምፓው ኤሌክትሪክ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ትንሽ ሳጥን እዩ። ሪሌ ለመሞከር መግዛት አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የጥሩምባው ሪሌ ከፖምፓው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቁጥሩና እግሮቹ አንድ መሆናቸውን አይታችሁ ቀያይሯቸው። ሞተሩ ተነስቶ ጥሩምባው ዝም ካለ ሌባው ተያዘ።

ቀጥሎ ካንዴላ ፍቱ። እኔ ከሁሉም ምርመራ ይሄኛውን እወዳለሁ። ጥቂት ካዞራችሁ በኋላ የወጣ ካንዴላ እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ከሸተተ፣ ነዳጅ ደርሷል፤ የጎደለው ብልጭታ ነው፣ ወይም ነዳጁ በዝቶ አፍኖታል። ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም፤ ፊልትሮውን፣ ፖምፓውን፣ ቱቦውን ተከተሉ። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል። የባቲን አቧራ የጠገበ የአየር ፊልትሮ ይህን ያመጣል። በአሮጌ መኪና ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተርም ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደሴ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ያንኑ ነዳጅ ያፈሳል። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ራሱን ያስተካክላል።

ነዳጅ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የቀዳችሁ ቀን ደግሞ ጥቂት በሃይላንድ አስቀሩ። አስቀምጣችሁ ስታዩት ከሥሩ የተለየ መስመር ከሠራ ውሃ አለበት። ውሃ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ፖምፓው የሚስበውም ከታች ነው። መፍትሔው ታንከሩን ማራገፍና ፊልትሮ መቀየር ነው። በአፍ ቱቦ እየሳባችሁ ግን አይሆንም፤ ቤንዚን ሳንባ ከገባ መዘዙ ብዙ ነው።

አዙራችሁ አዙራችሁ ቤንዚን በጣም ከሸተተ ሞተሩ ታፍኗል። የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ፣ ሳትለቁ፣ አዙሩ። ኢንጄክሽን ያለው ብዙ መኪና በዚህ ጊዜ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ካርቡራተር ያለው ደግሞ አየር ያገኛል። ሲነሳ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ።

ብልጭታ አለ ወይ?

አሮጌ መኪና ላይ አንዱን የካንዴላ ሽቦ ነቅላችሁ ትርፍ ካንዴላ ሰኩበት፣ የካንዴላውን ብረት ሞተሩ ላይ አስነኩ፣ ሌላ ሰው ያዙር። በእጃችሁ አትያዙት። ቤንዚን የፈሰሰበት አጠገብም አታድርጉት። ሰማያዊ፣ የሚንጣጣ ብልጭታ ጥሩ ነው። ቢጫና የሰለለ ከሆነ የብልጭታውን ኃይል የሚያመነጨውን ቦቢና ወይም ሽቦውን ጠርጥሩ። እንደ ቪትዝ በየካንዴላው የራሱ ቦቢና ያለውን መኪና ግን ባለሙያ ይሞክረው።

ሳትፈቱም የምታዩት ምልክት አለ። ሞተሪኖው ሲዞር የዙር ቆጣሪው መርፌ ትንሽ ይነቃነቃል? በብዙ መኪና ጭራሽ ካልተነቃነቀ የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የክራንክ ሴንሰር ምልክት አልሰጠም ማለት ነው። በስካነር ሲታይ ፒ0335 የሚለው ቁጥር የሱ ነው። የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት ቁልፉን ከከፈታችሁ በኋላም ማብራቱን ወይም ብልጭ ድርግም ማለቱን ካልተወ፣ መኪናው ቁልፋችሁን አላወቀውም። ሌሎቹን ቁልፎች ከቀለበቱ አውጡና ሞክሩ፤ ትርፍ ቁልፍ ካለ እሱን።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ደሴ ጭጋግ ለብሳ ስታድር፣ ጠዋት የማይነሳ አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ እርጥበት ነው። ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር ክዳን ክፈቱ፣ በደረቅ ጨርቅ ውስጡን ጥረጉ፣ ሽቦዎቹንም። ማታ በጨለማ ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ኮፈኑን ከፍታችሁ ብታዩ ያረጀ ሽቦ ሰማያዊ ብልጭታ ሲያፈስ ታዩታላችሁ። ያንን ሽቦ ቀይሩ።

እየሄደ ሲጠፋ

እዚህ አንድ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ይሠራል፦ ሲጠፋ እንዴት ጠፋ? ልክ ቁልፍ እንደተዘጋ ያህል በአንድ ጊዜ «ጥፍት» ካለ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሴንሰር፣ ሪሌ፣ የላላ ሽቦ፣ ያረጀ የቁልፍ ቤት። እየሳለ፣ እየተንገጫገጨ፣ ጉልበት እያጣ ከጠፋ ነዳጅ ነው። መብራቱ እየደበዘዘ፣ የባትሪ ምልክት በርቶ ከጠፋ ዲናሞው አይሞላም። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልተለካ እሱ ነው። ሲሄድ ደህና ሆኖ ስትቆሙ ብቻ ከጠፋ ሚኒሞው፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝግተኛ ዙር ነው፤ የአየር መግቢያው ጥላሸት ይዟል፣ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ «ስስስ» እያለ አየር ይስባል።

አስቸጋሪው ግን ሲሞቅ የሚጠፋው፣ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ የሚነሳው ነው። የኔ ኮሮላ እንዲህ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታንከሩ ክዳን ላልቶ ውስጡ ቤንዚን ይሸት ነበር። ሚስቴ በገባች ቁጥር ራሷን ያማታል። እኔ ብልጡ የታንከሩን አፍ በፌስታል ሸፍኜ ክዳኑን ከላዩ አጠበቅሁት። ሽታው ጠፋ። ተመሰገንኩ። በሳምንቱ ሐረጎ ላይ ቆመች። ግማሽ ሰዓት አርፋ ተነሳች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ «ፖምፓው ሞቷል» ተባለ፣ ተቀየረ። እንደገና ቆመች። «ካርቡራተሩ ይታጠብ» ተባለ፣ ታጠበ። ሦስተኛ ጊዜ ስትቆም አንድ ዶልፊን አጠገቤ ቆመና ረዳቱ ወረደ። ልጅ ነው። ኮፈኑን እንኳን አላየም።

«ጋሼ፣ እስቲ ታንከሩን ይክፈቱት።»

ከፈትኩት። «ፍሽሽሽሽ» አለ። አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ፌስታሉ ወደ ውስጥ ተሰርጉዷል።

«ወላሂ ጋሼ፣ አፍነው ነው የገደሏት!»

የድሮ መኪና ታንከር የሚተነፍሰው በክዳኑ ነው። ነዳጁ ሲቀንስ በቦታው አየር ካልገባ ፖምፓው የሚስበው ነዳጅ ያጣል። ስትቆም አየሩ ቀስ ብሎ ይሰርግና ትነሳለች። ፌስታሉን ጣልኩ፣ ትክክለኛ ክዳን ገዛሁ፣ አለቀ።

ስለዚህ ሲሞቅ የጠፋ መኪና ካጋጠማችሁ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ሦስት ነገር ወዲያው አድርጉ። የታንከሩን ክዳን ክፈቱና አድምጡ። በኃይል አየር ከሳበ ክዳኑ ወይም መተንፈሻው ነው። ቀጥሎ ብልጭታውን እዩ። አሁን ከሌለና ሲቀዘቅዝ ከመጣ ቦቢና ወይም ክራንክ ሴንሰር ነው፤ ሲሞቅ ውስጡ ይቋረጣል። ብልጭታ ካለ፣ ካርቡራተር ያለው መኪና ከሆነና ከባቲ ቆላ በሙቀት ወጥቶ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል። ከፍታ ሲጨምር ፈሳሽ ሁሉ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ንፍሮ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ፖምፓውና ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉና ጠብቁ። የነዳጅ ቱቦው ከጋለው የጭስ መውጫ ጋር ተጠግቶ ከሆነ አርቁት።

ናፍጣ ከሆነ

ናፍጣ ካንዴላ የለውም፤ ስለዚህ ጭሱን እዩ። ስታዞሩ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሶ አልነደደም፤ ማሞቂያዎቹን ወይም ኮምፕሬሽኑን ጠርጥሩ። ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ብዙ ጊዜ አየር ገብቶበታል፣ በተለይ ነዳጅ ጨርሶ ከቆመ ወይም ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ። ፊልትሮው ላይ ያለውን ማስተንፈሻ ቡሎን አላሉ፣ የእጅ ፖምፓውን አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ምቱ፣ አጥብቁ፣ እስኪጠጥር ድረስ ደግሞ ምቱ። አዲሶቹን፣ በኮምፒውተር የሚሠሩትን ናፍጣዎች ግን ወደ ኢንጄክተር የሚሄደውን ቱቦ አታላሉ። ግፊቱ ከ1,000 ባር ይበልጣል፤ ቆዳ ይበሳል።

ቦታው ሐረጎ ከሆነ

ቁልቁለት ላይ ሞተር ከጠፋ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው በቀላሉ የሚይዘው፤ ከዚያ ይደርቃል። መሪውም ይከብዳል። እየነካካችሁ አትጨርሱት፤ አንዴ አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ዳር ያዙ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ሞተር አጥፍታችሁ አትንደርደሩ። የሁለት ሊትር ቤንዚን ትርፍ እዚያ ገደል አያዋጣም።

ከቆማችሁ የእጅ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ። ከኩርባው በፊት ሦስት ማዕዘን ምልክት አስቀምጡ፤ ከሌለ ቅጠል ጣል ጣል አድርጉ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለውን መኪና አታስገፉ፤ ተገፍቶ አይነሳም።

ሲነሳ ደግሞ ድንጋዩን ከአስፋልቱ አንሱ። ማታ ጭጋግ ውስጥ የሚመጣው ባጃጅ አያየውም።