ቀይ መስመር የለም ማለት ስህተት የለም ማለት አይደለም

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሆኜ፣ ላንጉዌጅቱል የሚባለውን የጽሑፍ ስህተት እየፈለገ የሚያሰምር ፕሮግራም ራሴው ኮምፒውተር ላይ ጭኜ የሰው የእንግሊዝኛ ማመልከቻ አርማለሁ። ደግመው ደጋግመው የመጡብኝን ችግሮች ከነመፍትሄያቸው ልንገራችሁ።

ዋናው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ከሌላው ኮምፒውተር ግን አይገኝም። ሰርቨሩ፣ ማለትም ጽሑፉን ተቀብሎ የሚያርመው ክፍል፣ ሳትነግሩት ለራሱ ማሽን ብቻ ነው የሚመልሰው። ስታስነሱት ትእዛዙ ላይ «ፐብሊክ» (--public) የሚለውን ጨምሩ። ለኢንተርኔት ግን እንዳትከፍቱት! የሚያልፍበት የሰው ገመና ነው።

የፊደል ግድፈት አያይም። ቋንቋውን «እንግሊዝኛ» ብቻ ብላችሁታል። የአሜሪካ ወይም የብሪታንያ በሉት።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዝም ይላል። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዲነሳ አድርጉት።

ቀይ መስመር የለም፣ ትርጉሙ ግን ተበላሽቷል። ዋናው ይሄ ነው። «ዲድንት ጎ» ማለት ሲገባችሁ «ዲድንት ዌንት» ብትጽፉ ማሽኑ ይይዘዋል። የሚያንገበግበኝ የማይይዘው ነው።

ሐይቅ ከተማ የሚያስተምር አንድ መምህር ማመልከቻውን ይዞ መጣ። «አይ ቶት ማትስ ፎር ሲክስ ይርስ» ይላል። ማመልከቻውን የጻፈለት የጽሕፈት ቤት ገንዘቡን ተቀብሎ፣ መስመር የለም ብሎ አትሞ ሰጥቶታል። ቃለ መጠይቅ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማስተማሩን ለምን ተውከው?» ሆነ። ሰውየው እኮ ያን ሳምንትም ክፍል ሲገባ ነበር!

ጣጣው ከአማርኛው ይነሳል። «ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ» የሚለውን ሥራ ላይ ያለውም የለቀቀውም ይለዋል። እንግሊዝኛው ይለያል። «ቶት» ካላችሁ አብቅቷል። «ሃቭ ቢን ቲቺንግ» ካላችሁ አሁንም እዚያው ናችሁ። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ማሽኑ የሚያሰምርበት የለውም።

መፍትሄው ባለቤቱን መጠየቅ ነው፤ «አሁንም እዚያው ነህ ወንድሜ?» «ይህን ያህል ጊዜ» የሚለውን «ፎር» ባያችሁበት ሁሉ ጠይቁ። «ከዚህ ጊዜ ጀምሮ» የሚለውን «ሲንስ» ካያችሁ ደግሞ ዓመቱንም ተመልከቱ። ከመስከረም 2010 ጀምሮ የሚያስተምር ሰው «ሲንስ 2010» ብሎ ከላከ፣ ሰባት ዓመት ያላስተማረውን ጨመረ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 2017 ነው። ይሄንንም ማሽኑ አያውቅላችሁም። ሳታነቡ «ሁሉንም ተቀበል» የምትጫኑ፣ እባካችሁ ተዉ። የሰው እንጀራ ነው።

የመጨረሻው ግሥ ብቻ በኃላፊ ጊዜ ተጽፏል። «ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ተቀጠርኩ» ስንል ጊዜውን የሚሸከመው «ተቀጠርኩ» ነው። እንግሊዝኛ እያንዳንዱን ግሥ ለብቻው ያሸክማል። ስለዚህ «ስተዲ» የነበረውን «ስተዲድ»፣ «ግራጁዌት» የነበረውን «ግራጁዌትድ» አድርጉት።