ጽሑፋችንን ሰው ሲተችብን የምንሠራቸው ስህተቶች

በኛ በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ይሁን መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢት ይሁን ዓለም ከተማ፣ ደብተር ሙሉ ጽፎ የደበቀ ሰው አይጠፋም። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ናቸው፣ ከበደ ሚካኤል የመንዝ ናቸው እያልን እንኮራለን፣ ደግሞም እውነት ነው፣ ግን የኛኑ ድራፍት አንድ ሰው አንብቦ "እዚህ ጋ አልገባኝም" ሲለን ኩርፊያችን ለጉድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚጽፉ ልጆች ጋር እየተነባበብን ስለምንውል አንዳንዱን ነገር ደጋግሜ ስላየሁት ነው የምጽፈው፣ በኔ ግምት የባሰው ቀድሟል።

የመጀመሪያው ሰውዬው ገና ተናግሮ ሳይጨርስ "አይ፣ ማለት የፈለግኩት እኮ..." ብሎ መነሳት ነው። አንድ ልጅ አጭር ልብወለድ አነበበልን፣ መጨረሻው ላይ ልጅቷ ለእናቷ ደብዳቤ ጽፋ ከራስጌዋ ታስቀምጠዋለች። አንዷ "ለእናትየዋ ለምን አልተላከላትም?" ብላ ጠየቀች። ልጁ ተነሳ፣ እናትየዋ እኮ ሞታለች፣ ልጅቷ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር፣ ጎረቤቶቹም ለዚህ ነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ብሎ አስረዳን፣ እውነትም ያምራል፣ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው "ጠዋት ከቤት ወጣች" ብቻ ነው! ነጠላው የለም፣ መዘቅዘቁም የለም፣ ጎረቤትም የለም። አፉ ላይ ያለው ታሪክ ከወረቀቱ ይበልጥ ነበር። አንባቢው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ስለማታስረዱ በቃ ዝም ብላችሁ ስሙ፣ የተባለውን ጠርዙ ላይ ጻፉ፣ መጠየቅ ካማራችሁ "የት ጋ ነው የጠፋብሽ?" ብቻ በሉ። ለማስረዳት አፋችሁ ላይ የመጣው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ የጎደለው ራሱ ስለሆነ እሱንም ጻፉት።

ደግሞ መታረም ለኛ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለት የደረሰውን ቅኔ፣ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭሯ ቅኔ ብትሆን ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት መስመር ናት፣ መወድስ ከሆነ ስምንት ቤት፣ መምህሩ ይህ ቤት አልመታም፣ ይህ ምሥጢሩ አይሄድም እያሉ ያፈርሱበታል፣ ተማሪውም ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። "የኔታ አልገባዎትም እኮ" የሚል ተማሪ ካለ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ይሉኝታን አስተያየት ነው ብሎ መውሰድ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የኛ አገር ሰው ፊት ለፊት አይናገርም። አንድ ትልቅ ሰው ጋ አስር ገጽ ወስደህ ከሳምንት በኋላ ስትመለስ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ እግዜር ያበርታህ፣ እኔ ዓይኔ ደከም ብሎብኝ ነው እንጂ ጥሩ ነው" ካሉህ ዓይናቸው ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፣ ያንተን ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ አስቀምጠውታል ማለት ነው። "ቋንቋህ ከባድ ነው፣ የተማረ ሰው ነው የሚገባው" ሲሉህም ሙገሳ መስሎህ ደስ እንዳይልህ። "ትንሽ ረዘም አለችብኝ" ማለት ደግሞ ሰለቸኝ ማለት ነው፣ ትንሽ የምትለዋ ለትህትና ነው የገባችው።

ጥፋቱ ግን የሳቸው አይደለም፣ የአጠያየቅ ነው። "ወደዱት ወይ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው አልወደድኩትም ሊል ነው እንዴ፣ እንግድነት የመጣህበት ቤት ውስጥ፣ ቡናው ቀርቦ? ስለዚህ ቅር የማያሰኝ ጥያቄ ጠይቁ። "እትዬ፣ የት ጋ ሲደርሱ ነው ያስቀመጡት?" "ጋሼ፣ ከሰዎቹ የማንን ስም ያስታውሳሉ?" "በርስዎ ቤት ልጁ ለምን ነው አገር ጥሎ የሄደው?" እነዚህን ሲመልሱልህ ሳይተቹህ ተችተውሃል። ከአምስት ገፀ ባህሪ የአንዱን ስም ብቻ ካስታወሱ አራቱ ምን እንደሚሠሩ ቁጭ ብለህ አስብበት።

ሦስተኛው፣ እኔ በጣም የሚያናድደኝ፣ ተቺው የሰጠው መፍትሔ ስህተት ስለሆነ አስተያየቱን በሙሉ መጣል ነው። የመንዝ ልጅ የሆነች ጓደኛችን ታሪኳ ውስጥ ሰኔ መጨረሻ ላይ ገብስ ይታጨዳል። አዲስ አበባ ያደገ አንባቢ "ሰኔ እኮ የዘር ወር ነው፣ ወሩን ወደ ኅዳር ቀይሪው" ብሎ ኮሜንት ጻፈላት። እሷ ሳቀች፣ ልክም ናት፣ የኛ ደጋ በልግ ይዘራል፣ በልጉ ከቀና የበልግ ገብስ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል፣ ይህን ልጁ አያውቅም። ወሩን ብትቀይር ደግሞ የክረምቱ ዝናብ፣ ነዶው እንዳይረጥብ የሚሯሯጡት ሰዎች ሁሉ ይፈርሳሉ። ግን ልጁ እዚያ ቦታ ላይ መደናቀፉ እውነት ነው፣ ያቺ መስመር ጋ ሲደርስ ታሪኩን ትቶ ስለ ወር ማሰብ ጀምሯል። "ገብሱ" የሚለውን "የበልጉ ገብስ" አድርጋው፣ ሽማግሌውን ደግሞ በልጉ ዘንድሮ እንዳልከዳቸው አንድ መስመር አናግራው አለፈች፣ ወሩም ሰኔ እንደሆነ ቀረ። አንባቢ የት ጋ እንዳመመው ያውቃል፣ መድኃኒቱን ግን ላያውቅ ይችላል፣ መድኃኒቱ ያንተ ሥራ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፣ ሁሉንም መታዘዝ። አንድ ልጅ ታሪኩ ውስጥ የጣርማ በር ተራራን ጉም ገልጾ ከሆነ፣ አንዱ አንባቢ ጉሙን አሳጥረው ይላል፣ ሌላው አስረዝመው ይላል፣ ልጁ ማታውኑ ሁለቱንም ሊያደርግ ይሞክርና ጽሑፉ የማንም ያልሆነ ነገር ይሆናል። መጀመሪያ የድሮውን ፋይል በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ፣ ከዚያ ጥቂት ቀን ተዉት። ስትመለሱ የሁሉንም ሰው ምልክት አንድ ኮፒ ላይ ሰብስቡና ምን እንዳሉ ትታችሁ የት ጋ እንዳሉ ብቻ እዩ። ሦስት ሰው በተለያየ ምክንያት አንዱ አንቀጽ ላይ ካሰመረ እዚያ ጋ አንድ ነገር አለ፣ ጉሙ አይረዝምም አያጥርም ይሆናል፣ ምናልባት እዚያ ቦታ መምጣቱ ነው ችግሩ። አንድ ሰው ብቻ ያለው ነገር ደግሞ አሳምኖህ ካልሆነ በስተቀር ምርጫ ነው፣ አመስግነህ እለፍ።

የፊደል ጉዳይም አለ። ፀሐይ በየትኛው ፀ፣ ሠራ በየትኛው ሠ፣ ይህን የሚያርም ሰው በየስብሰባው አንድ አይጠፋም። ሁለት ዓይነት ስህተት ነው የማየው፣ አንዱ "ምን አገባህ፣ ሐሳቡን አትመለከትም" ብሎ መቆጣት፣ ሌላው ታሪኩ ገና ሳይቆም ሦስት ቀን ሙሉ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሲለቅሙ መዋል። ሰውዬው ልክ ነው ግን ተራው አልደረሰም፣ ምልክቱን አስቀምጡለትና መጨረሻ ላይ አንዱን መርጣችሁ ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርጉት። ለዚህም ነው ስትሰጡ "ይህ የመጀመሪያ ድራፍት ነው፣ አሁን የምፈልገው ታሪኩ ይሄዳል ወይ የሚለውን ነው" ብላችሁ መናገር ያለባችሁ፣ አለበለዚያ ሰው ቀላሉን ነው የሚያርምላችሁ።

ስድብን ከሂስ ጋር ማደባለቅ ደግሞ ብዙም አያነጋግርም። "አንተ ለጽሑፍ አልተፈጠርክም" ያለህ ሰው ስለ ጽሑፍህ የተናገረው ነገር የለም፣ "ሁለተኛው ምዕራፍ አሰልቺ ነው" ያለው ግን አነጋገሩ ቢጎረብጥም ምዕራፉን ነው ያለው። ብድር ለመመለስ የሱን ግጥም ፈልፍሎ መንቀፍም አለ፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ካጠገባችሁ ካለ ድራፍት አትስጡት፣ ከዚህ በላይ ስለሱ የምለው የለኝም።

የመጨረሻው ተቀብሎ መጥፋት ነው። ሰው ሥራውን ትቶ አስር ገጽ አንብቦልህ፣ አንተ አርመህ ጨርሰህ ድምፅህ የለም፣ ሌላ ጊዜ ስትጠይቀው ጊዜ የለኝም ቢልህ አትገረም። የተቀየረውን ገጽ ብቻ በቴሌግራም ላክለት፣ ያልተቀበልከውም ካለ ለምን እንደተውከው በአንድ መስመር ንገረው። ትልቅ ሰው ከሆኑ ግን ቴሌግራሙን ተወውና ደውል፣ ወይ ራስህ ሄደህ ያቺን ገጽ ብቻ አንብብላቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል ብለውህ የለ።